ደፍርሶ የጠራ ወንዝ

(የወራጅ ውኃ ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)



አንድ ሰው ወንዝ መካከል ቆሟል። ውኃው ከጉልበቱ በላይ ደርሷል። ብርዱ ዘልቆ እንዳይሰማው እስከ ደረቱ የሚደርስ፣ ውኃ የማያስገባ ሱሪ ለብሷል። በእጁ ቀጭን የማጥመጃ ዘንግ ይዟል። መንጠቆውን ከመጣሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያደርጋል፤ በጫማው ተረከዝ የወንዙን ወለል ይፍቃል። ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ግራ። ጠጠሩ ይገለበጣል፤ ደለሉ እንደ ጢስ እየተትጎለጎለ ከወራጁ ጋር ወደ ታች ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ ከኋላው፣ ከዚያ ከደፈረሰው ውኃ ውስጥ፣ ዓሦች ተከታትለው ይደርሳሉ፤ አፋቸውን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙረው የሚመጣላቸውን ይለቅማሉ። ሰውየው ዞር ይልና መንጠቆውን እግሩ ሥር ይጥላል። ወዲያው አንዱ ይያዛል።

ይህ አሠራር ስም ወጥቶለታል። በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሳን ሁዋን በሚባል ወንዝ ላይ ከመለመዱ የተነሣ አጥማጆቹ «ሳን ሁዋን ሸፍል» ይሉታል። በእኛ አፍ «የሳን ሁዋን እግር ፍተጋ» ብንለው ያስኬዳል። የዛሬው ዝግጅታችን የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ዓሣ ለመሳብ ብሎ የወንዝ ወለል የሚያደፈርስ አጥማጅ በሕግ ሊከለከል ይገባዋልን? ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች የመዝናኛ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ከቆያችሁ ግን ከጣና ሐይቅ ገባሮች፣ ከጉማራና ከርብ ወንዝ ዳር ያደርሰናል።

መጀመሪያ ወንዙን እንወቀው። ሳን ሁዋን ከኮሎራዶ ተራሮች ይነሣል፤ ኒው ሜክሲኮን አቋርጦ፣ በዩታ በኩል አድርጎ ከኮሎራዶ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ርዝመቱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቀድሞ ጠባዩ የበረሃ ወንዝ ነበር፤ በሙቀት ወራት ውኃው የሚሞቅ፣ በረዶ ሲቀልጥና ዝናብ ሲጥል ደግሞ እንደ ክረምቱ ዓባይ አፈር ተሸክሞ የሚወርድ። እ.ኤ.አ. በ1962 የናቫሆ ግድብ ተሠርቶ አለቀ። ከአፈርና ከድንጋይ የተከመረ፣ ከ120 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ ነው። ውኃ የሚለቀው ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ስለሆነ ከበታቹ ያለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ሆነ። አፈሩም ከግድቡ ጀርባ ስለሚቀር ውኃው ጠራ። አንድ የበረሃ ወንዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የደጋ ምንጭ ጠባይ ያዘ ማለት ነው።

ቀዝቃዛና ጥሩ ውኃ የሚወድ ዓሣ ደግሞ ትራውት ነው። ዛሬ ከግድቡ በታች ሁለት ዓይነት ትራውት ይኖራል፤ ቀስተ ደመና ትራውትና ቡናማ ትራውት። ቀስተ ደመናው በየጊዜው ከማራቢያ ጣቢያ እየመጣ ይጨመርበታል፤ ቡናማው እዚያው ወንዙ ውስጥ ይራባል። ከግድቡ ሥር የሚጀምረው ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ክፍል በልዩ ደንብ የሚተዳደር ነው። እዚያ የተያዘ ዓሣ ሁሉ ወደ ውኃው ይመለሳል። መንጠቆውም ባለ አንድ ጫፍ፣ ያውም ወደ ኋላ የተቀለበሰው እሾኹ የሌለው መሆን አለበት፤ ዓሣው ሲለቀቅ ከንፈሩ እንዳይቀደድ ነው።

እዚህ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳነበው ልቤን ነክቶታልና። እነዚህ ሁለት ዓይነት ትራውቶች የሳን ሁዋን ባላገር አይደሉም። የወንዙ ባላገሮች ሌሎች ዓሦች ነበሩ፤ ለሞቀና ለደፈረሰ ውኃ የተፈጠሩ፣ አንዳንዶቹም በዓለም ላይ ከኮሎራዶ ወንዝና ከገባሮቹ በስተቀር የትም የማይገኙ። ግድቡ ከማለቁ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ለሚመጣው ትራውት ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ሮቴኖን የሚባል የዓሣ መርዝ በወንዙ ውስጥ ተጨመረ። ነባሮቹ ዓሦች በብዛት አለቁ። ሮቴኖን የሚለው ስም ለብዙዎቻችሁ አዲስ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን የሚያዝለፈልፈው፣ በሆዱ እየገለበጠ የሚያንሳፍፈው ሮቴኖን ነው። ብርብራ ውስጥ አለ። ዓሣው አየር እያለ አየሩን መጠቀም እንዲሳነው የሚያደርግ መርዝ ነው። ኒው ሜክሲኮ ላይ የተፈሰሰው፣ ጣና ዙሪያ በሙቀጫ የሚወቀጠው፣ ሥራው አንድ ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚያን የተጨፈጨፉ ባላገር ዓሦች በታችኛው ሳን ሁዋን መልሶ ለማቋቋም ትልቅ ፕሮግራም እየተካሄደ ነው። ለማጥፋት ጥቂት ቀናት በቂ ነበሩ፤ ለመመለስ 30 ዓመትም አልበቃም።

አሁን ወደ ወለሉ እንውረድ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ወንዝ ዳር ቆመን ስናይ ዓሣው ብቻ ነው ሕይወት ያለው የሚመስለን። አንዲት የቡጢ ያህል ድንጋይ ከወራጅ ውኃ አውጥታችሁ ብትገለብጡ ሌላ ዓለም ታያላችሁ። ከሥሯ የተጣበቁ፣ ከዘንጋዳ ፍሬ የማይበልጡ እጮች አሉ፤ ቀን ሲደርስ ክንፍ አውጥተው የሚበሩ የዝንብና የትንኝ ወገኖች ልጆች ናቸው። አንዳንዱ በራሱ ምራቅ ጠጠር ከጠጠር አጣብቆ ቤት ይሠራል። አንዳንዱ እንደ ሸረሪት ድር ዘርግቶ ወራጁ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ጭቃው ውስጥ ደግሞ ቀያይ ቀጫጭን ትሎች አሉ። የሳን ሁዋን አጥማጆች የእነዚህን ትሎች ምስል በቀይ ክር ሠርተው መንጠቆ ላይ ስለሚያስሩት፣ በወንዙ ስም የተጠራ የታወቀ ማጥመጃ ሆኗል። ትራውት የሚኖረው በእነዚህ ነው። በሳን ሁዋን ደግሞ በተለይ በጥቃቅኖቹ የትንኝ መሰል ዝንቦች እጮች።

እነዚህ ፍጥረታት እንዲሁ በፈቃዳቸው ከድንጋያቸው አይለቁም። ጥቂቶቹ ብቻ በምሽትና በንጋት፣ የዓሣ ዐይን በደንብ በማያይበት ጨለማ፣ ራሳቸውን ለወራጁ ሰጥተው ቦታ ይለውጣሉ። ዓሣውም ያንን ሰዓት ያውቃል። የአጥማጁ ተረከዝ የሚያደርገው ይህን ሥርዓት መስበር ነው። ድብቁን በጠራራ ፀሐይ ያወጣል፤ ማዕዱንም በአንድ ጊዜ ይዘረጋል። ዓሣው ቢመጣ ምን ይፈረድበታል?

የወንዝን ጤና የሚመረምሩ ባለሙያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። መረብ ከበታች ይተክላሉ፤ ከመረቡ በላይ ቆመው ጠጠሩን ለተወሰነ ጊዜ በእግራቸው ያገላብጣሉ፤ ከዚያ መረቡ ውስጥ የገባውን በነጭ ሳሕን ላይ ዘርግተው ይቆጥራሉ። ከአንድ እርምጃ ቦታ በብዙ መቶ የሚቆጠር እጭ ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ የአንድ ሰው እግር ምን ያህል ቤት እንደሚያፈርስ ከዚህ መገመት ቀላል ነው።

የእግር ፍተጋው ደጋፊዎች የሚሉትን በቅን ልብ መስማት አለብን። አንደኛ፣ የወንዝ ወለል ቶሎ ያገግማል ይላሉ። እውነት ነው። በአንድ ቦታ የተገለበጠ ጠጠር ከላይ በሚመጡ እጮች በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይሞላል። ሁለተኛ፣ ጎርፍ አለ፣ ከብት አለ፣ በዚያ አገር ደግሞ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚሰማራ ትልቅ የዱር እንስሳ አለ፤ እነሱ ከሰው እግር የበለጠ ያደፈርሳሉ ይላሉ። ይህም ውሸት የለበትም። ሦስተኛው ክርክር በእኛም ቋንቋ ያለ ነው፤ ሳይደፈርስ አይጠራም። ውኃ ይደፈርሳል፣ ቆይቶ ይጠራል፣ አለቀ።

በሦስተኛው ልጀምር። «ሳይደፈርስ አይጠራም» ስንል የምናስበው እንስራ ወይም ኩሬ ውስጥ ያለ ውኃ ነው። እዚያ ደለሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ተመልሶም እዚያው ይዘቅጣል። ወንዝ ግን ይሄዳል። እዚህ ያነሣነው ደለል ሲጠራልን የጠፋ ይመስለናል፤ የሄደው ግን ወደ ታች ነው፤ ወራጁ ዝግ በሚልበት ቦታ፣ በሚቀጥለው ጠጠር ላይ አርፏል። ዱቄት የመሰለው ደለል በጠጠር መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ያ ክፍተት ደግሞ የእጮቹ ጎዳና ነው፤ የዓሣ ዕንቁላልም የሚተነፍስበት ነው። ስለዚህ የተረቱ ባለቤት ትክክል ነው፤ እኛ ግን ወንዝን እንደ እንስራ ማየታችን ልክ አይደለም።

ጎርፍን በሚመለከትም እንዲሁ። ጎርፍ ጊዜ አለው። በወንዙ የሚኖሩ ፍጥረታት ልደታቸውንና ዕድገታቸውን ከጎርፉ ወቅት ጋር በብዙ ሺህ ዓመታት አስማምተውታል። የአጥማጅ እግር ወቅት የለውም፤ ቅዳሜና እሑድ ሁሉ ይመጣል። ከግድብ በታች ባለ ወንዝ ላይ ደግሞ ደለሉን ጠርጎ የሚወስደው የጥንቱ ጎርፍ በግድቡ ተገቷል።

ስለ ማገገሙም ቢሆን፣ ቁጥሩ ይወስነዋል። አንድ ሰው በወር አንድ ጊዜ ቢያደፈርስ ወንዙ ምንም አይለውም። ዝነኛ በሆነ አጭር የወንዝ ክፍል ላይ ግን በየቀኑ በርካታ ሰዎች በዚያችው ጠጠር ላይ ይቆማሉ። የትናንቱ ሳያገግም የዛሬው ይደርሳል።

(አጭር የክራር ሙዚቃ።)

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ዕንቁላሉ። ውድ አድማጮች፣ ይህን ክፍል በተለይ ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ሴቷ ትራውት ለመውለድ ስትዘጋጅ የምትመርጠው ቦታ አለ፤ ውኃው የማይቆም፣ ጠጠሩ ንጹሕ፣ ጥልቀቱ ብዙ ያልሆነ። ጎኗን አዘንብላ በጅራቷ ጠጠሩን ትመታለች፤ ጉድጓድ ይወጣል። ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ወንዱ ያዳብረዋል። ከዚያ ከላይ በኩል ያለውን ጠጠር በጅራቷ እየመታች ትከድነዋለች። ዕንቁላሉ ከጠጠር ሥር ተቀብሮ በውኃው ቅዝቃዜ መጠን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ከተፈለፈለ በኋላም ጫጩቱ ወዲያው አይወጣም፤ በሆዱ የተሸከመውን አስኳል እየተመገበ ጠጠሩ ውስጥ ይሰነብታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከላይ የሚታይ ነገር የለም። ያወቀ ሰው ብቻ፣ ከዙሪያው ነጣ ብሎ የሚታይ ሞላላ የጠጠር ክምር መሆኑን ይለያል።

እንግዲህ በዚያ ላይ ሰው ቢቆምበትስ? በሞንታና ሮበርትስና ዋይት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ በቀጥታ ፈትነውታል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። የትራውት ዕንቁላል በጠጠር ውስጥ ቀብረው፣ አጥማጅ እንደሚራመደው በላዩ ላይ ተራመዱበት። ዕንቁላሉ ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ ጫጩቱ ከጠጠሩ እስኪወጣ ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ የተረገጠው እስከ 96 ከመቶ ሞተ። ከመፈልፈሉ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ የተረገጠውም እስከ 43 ከመቶ አለቀ። አንድ ጊዜ ብቻ! ያም ተራ እርምጃ ነው፤ ፍተጋ አይደለም፤ ማደፍረስም አይደለም። ተረከዝ ተክሎ ጠጠር የሚገለብጥ ሰው ምን እንደሚያደርስ ከዚህ ተነሥቶ መገመት አያዳግትም።

ይህን ውጤት ካነበብኩ ወዲህ የክርክሩ መልክ ተለውጦብኛል። ብዙዎቹ የክልከላው ደጋፊዎች ነገሩን የሚጠሉት ከስፖርት ጨዋነት አንጻር ነው። ማታለል ነው፣ ዓሣውን በማዕድ አባብሎ መያዝ ነው፣ ችሎታ አይጠይቅም ይላሉ። አልቃወማቸውም። በተለይ የተያዘ ዓሣ ሁሉ በሚለቀቅበት ወንዝ ላይ፣ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ የሚያዝና የሚለቀቅ ዓሣ ይጎሳቆላል። ግን ለእኔ ዋናው ጉዳይ የሰዎቹ ጨዋታ ፍትሐዊ መሆኑ ወይም አለመሆኑ አይደለም። ዋናው ከእግራቸው ሥር ያለው ነው፤ የዓሣው ቀለብና የዓሣው ዘር።

ሕጉ ምን ይላል? ኒው ሜክሲኮ ወስናለች። በሳን ሁዋን ልዩ የትራውት ውኃ ውስጥ ወለሉን በማደፍረስ ዓሣ መሳብም ሆነ ማሰባሰብ ክልክል ነው። ይሁን እንጂ ሕጉን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ማስከበሩ ሌላ። በሳን ሁዋን ያሉት ዓሦች የሰው እግር ምግብ እንደሚያመጣ ከመልመዳቸው የተነሣ፣ አንዱ አጥማጅ በሰላም ወንዙን ሲሻገር እንኳ ከተረከዙ ኋላ ተከትለው ይመጣሉ። ሰውየው አላደፈረሰም፤ እየተራመደ ነው። ተራምዶ የሚነሣው ደለልና ሆን ተብሎ የሚነሣው ደለል በዐይን አንድ ነው። ወንዝ ዳር የቆመ ተቆጣጣሪ የሰውን ሐሳብ እንዴት ያያል?

በዚህ ምክንያት ክልከላው አይረባም የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐሳብ በድርጊት ይታወቃል። የሚሻገር ሰው ወደ ፊት ይሄዳል። የሚያደፈርስ ሰው አንድ ቦታ ተተክሎ እግሩን ያመላልሳል፤ ፊቱን ወደ ታችኛው ወራጅ ያዞራል፤ መንጠቆውንም እዚያው ራሱ ባደፈረሰው ውኃ ውስጥ ይጥላል። ሦስቱ ከተገጣጠሙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። እንዲያውም ደንቡን ከሐሳብ ወደ ቦታ ማዞር ይቻላል፤ ማንም አጥማጅ ከራሱ እግር በሚወርደው ድፍርስ ውስጥ መንጠቆ አይጣል ማለት ይበቃል። ጥቅሙ ሲቀር ማንም እግሩን አይፈትግም።

ሆኖም እዚህ ላይ መቆም የለብንም። ማደፍረስን ከልክሎ በመራቢያ ወቅት በዕንቁላል ላይ መራመድን የሚፈቅድ ሕግ፣ የሚታየውን ጥፋት ይዞ የማይታየውን ያመልጠዋል። የሞንታናው ሙከራ የሚነግረን ይህንን ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሆን ብሎ ማደፍረስ ይከልከል፤ ከዚያም በላይ፣ ዓሣ ዕንቁላሉን በሚቀብርባቸው ጠጠራማ ቦታዎች ላይ በመራቢያው ወራት ማንም እግሩን አያሳርፍ።

(የውኃ ድምፅ እንደገና ይሰማል፤ ይጠፋል።)

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

ልጆች ሳለን ወንዝ ሲጎድል የሚቀሩትን ትንንሽ ኩሬዎች እናደፈርስ ነበር። አራት አምስት ሆነን እንገባና ጭቃውን በእግራችን እናቦካዋለን። ትንሽ ቆይቶ ዓሦቹ ታፍነው አፋቸውን ከውኃው በላይ እያወጡ ይንሳፈፋሉ፤ በእጅ እንለቅማቸዋለን። ከጣት የማይበልጥ፣ ለመብል የማይሆን ጭምር። የማይበላውን ሜዳ ላይ ጥለን እንሄዳለን። ክፋት አልነበረንም፤ የነገረን ሰው አልነበረም። የሳን ሁዋኑ አጥማጅ ዓሣውን በማዕድ ይስበዋል፤ እኛ ደግሞ ትንፋሽ እንነሣው ነበር። ጭቃው የዓሣውን ስንጥብ ይደፍነዋል፤ ከታች የተነሣው የበሰበሰ ነገርም በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይሻማዋል። አያቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይሉን ነበር፤ እኛ ግን ዘንዶውን ስለ ፈራን እንጂ ስለ ዓሣው አስበን አናውቅም።

ትራውት ለእኛም አዲስ አይደለም። በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት ዛሬም ይገኛል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የራሳችን የሆነው ነው፤ የጣናው ነጭ ዓሣ።

ጢስ ዓባይ ላይ ያለው ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከታች የሚመጣ ዓሣ አይወጣውም። ጣና በዚህ አጥር ተከልሎ ስለ ኖረ፣ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን እዚያው ውስጥ ተባዝቶ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች ሆኗል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ገሚሱ ትንንሽ ዓሣ አሳዳጅ ነው፤ ገሚሱ ከጭቃ ለቃሚ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ትራውት የሚፈልገውን ነው፤ ፈጥኖ የሚወርድ፣ አየር የጠገበ ጥሩ ውኃና ንጹሕ ጠጠር። ለዚህም ከዋናው ወንዝ ወጥተው ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች ድረስ ይዘልቃሉ።

በዚሁ ጉዞ ላይ ነው የሚጠበቁት። መረብ በወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል፤ ሊወልድ የሚወጣው ከነዕንቁላሉ ይያዛል። ጅረቶቹ ላይ ብርብራ ይበተናል። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት ሐይቁን ያጠኑ ተመራማሪዎች የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 ከመቶ ገደማ መቀነሱን አይተዋል። በመረቡ ላይ ደግሞ የወለሉ ነገር ተጨመረ። ለግንባታ ተብሎ ከርብና ከጉማራ አሸዋና ጠጠር ይወጣል፤ ያ ጠጠር የዓሣው የማዋለጃ ክፍል ነው። ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው አፈር የቀረውን ጠጠር ይደፍነዋል። ከብቱም ሰውም በየትም ቦታ ይሻገርበታል።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው የፌዴራል አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ የለንም ማለት አይቻልም። የሚጎድለን የወንዙን ወለል እንደ ዓሣው ሁሉ የሚጠበቅ ሀብት አድርጎ ማየት ነው። የጣና ዙሪያ ሰው የኒው ሜክሲኮን ደንብ እንዲገለብጥ አልመክርም፤ እዚያ የሚከለከለው የመዝናኛ ልማድ ነው፤ እዚህ ያለው የእንጀራ ጉዳይ ነው። አሸዋ የሚያወጣውን ወጣት ሥራህን ተው ብሎ ማባረር ልጆቹን ያስርባል። ግን የትኛው ጠጠር የዓሣ መውለጃ እንደሆነ ከመንደሩ ሽማግሌዎችና ከዓሣ አጥማጆቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እነሱን ጠይቆ፣ ያንን ቦታ ለይቶ፣ አሸዋው ከሌላ ቦታና በበጋ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ከብቱም በአንድ የተለየ መሻገሪያ ቢያልፍ ለባለቤቱ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለምትሰሙን፣ በተለይ በዴንቨርና በአካባቢው ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንግ ይዛችሁ ወደ ወንዝ ለምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ የማጥመድ ፈቃድ ስታወጡ ደንቡን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ደንቡ ከወንዝ ወንዝ ይለያያል፤ ከግዛት ግዛትም እንዲሁ። ከዙሪያው ነጣ ያለ ሞላላ ጠጠር ካያችሁ በዳር ዙሩት። ልጆቻችሁንም አንድ ድንጋይ ገልብጠው ከሥሩ ያለውን እንዲያዩ አድርጓቸው፤ አይተው ሲጨርሱ ድንጋዩን በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት ፊቱ ይመልሱት።

በጉማራና በርብ ዳር ላላችሁ አድማጮች ደግሞ ልመናዬ አጭር ነው። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ተሰብሰቡና የትኞቹ ጠጠሮች እንደማይነኩ፣ ከብቱም በየት በኩል እንደሚሻገር ተስማሙ። ብርብራውን ከወንዙ አርቁ። ነጭ ዓሣው ዘንድሮም በሐምሌ ይመጣል።